የካቲትና መጋቢት

ማሻ ላይ ዝናብ ሲመጣ የሚሮጥ ሰው እምብዛም አይታይም። እዚህ አገር ከዓመቱ ወራት የሚበዙት ዝናብ ያላቸው ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ካፊያ የሚሮጥ ሰው ሌላ ሥራ ሊሠራ አይችልም። መንገደኛው ጨዋታውን ሳያቋርጥ ሁለት እርምጃ ወደ ዳር ይልና ከቆርቆሮው ጣሪያ ጠርዝ ሥር ይቆማል። ቀድሞ የቆመው ጠጋ ይልለታል፤ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል። እንደዚያ ትከሻ ለትከሻ ቆመን ሳለ ነው የአንድ ጎልማሳ አውራ ጣት ዓይኔን የያዘው። እስከ ጥፍሩ ሥር ሐምራዊ ሆኗል። የማኅተም ቀለም ነው፤ የደመወዝ ቀን ስለነበር ፔሮሉ ላይ አሻራውን አትሞ መምጣቱ ነው። በእርጥብ ቅጠል እያሸ ሊያስለቅቀው ይሞክራል።

«አይለቅም እንዴ?» አልኩት።

«ይለቃል ጋሼ፤ ብቻ ብሩ ይቀድመዋል» አለኝ።

ከአጠገቡ የነበሩት ሳቁ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት የሰው ጣት ማየት ያዝኩ።

ማሻ ደጋ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች ጓሮው እንሰት፣ ሸለቆው ቀርከሃ ነው፤ በጨዋቃ በኩል ደግሞ የሻይ ማሳ አለ። የሻይ ለቃሚ ጣት ከቡና ለቃሚ ጣት ይለያል። ሻይ የሚለቀመው ጫፉ ብቻ ነው፣ ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እምቡጥ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተገናኝተው ቀጨት ያደርጉና ወደ ጀርባ ቅርጫት ይወረውራሉ። ከጊዜ ብዛት ሁለቱ ጣቶች በሚገናኙበት ላይ የቅጠሉ ጭማቂ ጠቆር ያለ መስመር ያወጣል፤ ሳሙናም አይነካውም። ወደ ቴፒ ሲወረድ አየሩ ይሞቃል፣ ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ጥምዙ ይጀምራል። የቡና ለቃሚ ጣት ይጣበቃል። አንድ ዘለላ ላይ የበሰለውና ያልበሰለው ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ፣ ቀዩን ከአረንጓዴው የሚለየው የሰው ዓይንና የሰው ጣት ነው፤ ቅርንጫፉን ሙልጭ አድርጎ መግፈፍ የቡናውን ዋጋ ያወርዳል፣ የመጪውን ዓመት ምርትም ይጎዳል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት መለቀም አለበት። ይህን ሁሉ የሚቆጥረው ሚዛን ነው። ሚዛኑን የሚያነበው ካቦው ነው። ለቃሚዋ ቅርጫቷን አስቀምጣ የምታየው ሚዛኑን ሳይሆን የካቦውን ፊት ነው፤ ስንት እንዳገኘች ከዚያ ታነባለች።

ካቦው ቢሳሳትስ? ወይም ሆን ብሎ ቢያጎድልስ? ማን ይናገርላታል?

ይህን ጥያቄ የጠየቀች የመጀመሪያዋ እሷ አይደለችም። በድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞች ጠይቀውታል፤ በወንጂ የሆላንዶቹ የስኳር ፋብሪካና የአገዳ ማሳ ሠራተኞች ጠይቀውታል። መንግሥት መልስ የሰጠው ዘግይቶ ነው። በ1954 ዓ.ም. ማብቂያ በወጣ ድንጋጌ ሠራተኛ በማኅበር እንዲደራጅ ተፈቀደ፤ በ1956 ዓ.ም. ይኸው አዋጅ ቁጥር 210 ሆኖ ጸና። በመካከሉ በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. 22 የሠራተኛ ማኅበራትን ያቀፈው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ባጭሩ ኢሠአማ፣ ዕውቅና አገኘ። የወንጂው አበራ ገሙ ከመጀመሪያዎቹ መሪዎቹ አንዱ ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ማኅበራቱ 167፣ አባላቱ ደግሞ ወደ 80,000 ደረሱ። ብዙ ይመስላል፤ መደራጀት ከሚፈቀድለት ሠራተኛ ግን 30 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ማኅበር ለማቋቋም በአንድ ድርጅት 50 ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። ያን ጊዜ ማሻ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት የሞቻ አውራጃ ከተማ ነበረች፤ እዚህ በሰው ጓሮ ቡና የምትለቅም ሴት ከሃምሳ ሠራተኛ ጋር የምትሰለፍበት ፔሮል አልነበራትም። ሕጉ የተጻፈው ለፋብሪካ አጥር ነው፤ ቡናው ያለው ከአጥሩ ውጪ ነው።

የቡና ነገር ከተነሣ አይቀር፣ የሚያብበው በየካቲትና በመጋቢት ነው። ከበጋው ድርቅ በኋላ አንድ ደህና ዝናብ ሲወርድ ጫካው ባንድ ጊዜ ነጭ ይሆናል፤ ሽታው ከመኪና መስኮት ይገባል። አበባው ሁለት ሦስት ቀን ይቆይና ይጠወልጋል፤ ፍሬው ለመቅላት እንደየቦታው ሰባት ስምንት ወር ይፈልጋል። ጫካውን የማያውቅ እንግዳ አበባው ሲረግፍ ሰብሉ የጠፋ ይመስለዋል። እኔ የእነዚህን ሁለት ወራት ስም በሰማሁ ቁጥር የሠራተኛውን ታሪክ አስባለሁ፤ ምክንያቱም ቀኖቹ ሁሉ እዚያው ላይ ተከምረዋል።

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የነዳጅ ዋጋ ንሮ ነበር፤ በወሎና በትግራይ ረሃብ ገብቶ ነበር። የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ፣ እንዳልካቸው መኰንን ተተካ። ከዚያ የካቲት 28 ቀን ኢሠአማ የጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጀመረ። በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ወደ 100,000 የሚጠጋ ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። የደመወዝ ወለል ይወሰን፣ ጡረታ ይኑር፣ የመደራጀት መብት ይስፋ የሚሉ ጥያቄዎች ነበሩት። መጋቢት 2 ቀን ከመንግሥት ጋር ስምምነት ተደርሶ አድማው ቆመ። አራት ቀን ነው። ከየካቲት ተነሥቶ መጋቢትን ነካ።

በዚያ አድማ ላይ እኔን የሚገርመኝ ብዛቱ ሳይሆን ዝምታው ነው። ሥራ ማቆም ማለት የሚያደርጉትን አለማድረግ ነው፤ ጠመንጃ የለውም፣ ድንጋይ የለውም። የአንዱ እጅ ቢቆም ይባረራል፤ የመቶ ሺው እጅ ሲቆም ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ለድርድር ይቀመጣል። ይህን ያህል ሰው ለአራት ቀን አብሮ እንዲቆም ያደረገው በየፋብሪካው ስብሰባ የጠራው፣ መዋጮ የሰበሰበው፣ ቃለ ጉባኤ የያዘው ስሙ የማይታወቅ ሰው ነው። በሥራ ደክሞ መጥቶ ማታ በሻማ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው ለእኔ ትልቅ ሰው ነው።

ኋላ የማኅበሩ መሪ የሆነው ማርቆስ ሐጎስ የመጣው ከዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ነው። ንጉሡ ወርደው የወታደሮቹ ደርግ ከተቀመጠ በኋላ ኢሠአማ ወታደሩ ወደ ጦር ሰፈሩ ይመለስ፣ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም አለ። ደርግ ይህን አልወደደውም። ግንቦት 11 ቀን 1967 ዓ.ም. የማኅበሩን ጽሕፈት ቤት «እንደገና ይደራጅ» በሚል ዘጋው፤ መሪዎቹም በኢትዮጵያ ሶሻሊዝም ዓላማ መሠረት ይመረጡ ተባለ። የኢሠአማ ፕሬዚዳንት ሆኖ ማርቆስ ሐጎስ ተመረጠ። ደርግ ታዛዥ መሪ ጠብቆ ነበር፤ የመጣው ግን በኅቡዕ የተደራጀው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ፣ የኢሕአፓ፣ ሰው ሆነ። በመስከረም 1968 ዓ.ም. ማኅበሩ የዴሞክራሲ መብት ካልተከበረ አድማ እንደሚመታ በውሳኔው አስታወቀ። ያን ውሳኔ የያዘ ወረቀት መስከረም 14 ቀን በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲታደል ወታደሮች ተኩሰው ሰባት የአየር መንገድ ሠራተኞችን ገደሉ። በወረቀት ነው የሞቱት። አምስት ቀን ቆይቶ በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ማርቆስ ተሰወረ። በዚያው ዓመት ኢሠአማ በአዋጅ ፈረሰ።

ከዚህ በኋላ ያለው ዓመት ተኩል የሠራተኛ መሪ ሕይወት ምን እንደሚመስል ለማሰብ ይከብዳል። ሥራው ሰው መሰብሰብ የነበረ ሰው፣ ሰው እንዳያየው ሲሸሽ። ስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ መናገር የለመደ ሰው፣ በሰው ቤት ጓዳ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ። ቤቱን የሰጠው ቤተሰብ በእያንዳንዷ የበር መንኳኳት ነፍሱ ስትወጣ። ስለ ጀግና ሲወራ ይህ ይዘለላል፤ ቤት የሰጡ እናቶች ስም የትም ተጽፎ አላየሁም።

ዓመቱ 1969 ዓ.ም. ነው። ደርግ በኢሠአማ ፋንታ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርን፣ መኢሠማን፣ አቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ቴዎድሮስ በቀለ ነበር። በየካቲት ተገደለ፤ ኢሕአፓ በከተማ ይዞት የነበረው የግድያ ዘመቻ ሰለባ ነው። በመጋቢት ከ14 እስከ 18 ደርግ አዲስ አበባን ዘግቶ ቤት ለቤት አሰሳ አካሄደ። በዚያ መጋቢት ማርቆስ ሐጎስ ተገደለ። የኢሕአፓው መሪ ተስፋዬ ደበሳይ ከመያዝ ይልቅ ከፎቅ ራሱን ወርውሮ የሞተው በዚያው ሰሞን ነው። ስለ ኢትዮጵያ መደቦችና ስለ አብዮቱ ከጆን ማርካኪስ ጋር መጽሐፍ ያዘጋጀው ነጋ አየለም በዚያው ወር ተገደለ፤ መጽሐፉ በተከታዩ ዓመት ውጭ አገር ሲታተም እሱ አላየውም።

አሁን ልቤን የሚያከብደውን ልናገር። በአንድ የካቲትና በአንድ መጋቢት መካከል የኢትዮጵያ ሠራተኛ ሁለት ሊቀ መናብርቱን ቀበረ። አንዱን የገደለው የአንዱ ወገን ጥይት ነው፣ ሌላውን የሌላው። አንዱን ወገን የሚወድ ሰው ቴዎድሮስን «የደርግ አሻንጉሊት» ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው ማርቆስን «አናርኪስት» ይለዋል። እኔ በሁለቱም ቃል አልስማማም። ቴዎድሮስ የተቀመጠበትን ወንበር ደርግ እንደሠራው አውቃለሁ፤ ይህ ግን በጥይት ለመመታት አያበቃም። ማርቆስ የነበረበት ድርጅት በከተማ ጠመንጃ ማንሣቱ ትልቅ ጥፋት ነበር እላለሁ፤ መጀመሪያ የማኅበሩን በር የዘጋው፣ ወረቀት የሚያድሉትን የገደለው ግን ደርግ ነው። ለሰው በሩን ዘግተህበት ለምን በመስኮት ወጣህ ማለት አይቻልም። ከዚያም ደርግ የገደለው ብዛት ከማንም ጋር አይወዳደርም። ሚያዝያ 21 ቀን፣ የሠራተኞች ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ለሰልፍ ሲዘጋጁ የነበሩ ወጣቶች በመቶዎች በአንድ ሌሊት አለቁ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ ደመወዝ የሚባል ነገር በእጃቸው ነክተው አያውቁም።

አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ተከፈተ። ግድግዳው ላይ ፎቶዎቹ በተርታ ተሰቅለዋል። እዚያም ዓይኔ ወደ ጥቃቅኑ ይሄድብኛል። የሸሚዝ ኮሌታ፣ የአፍሮ ጠጉር፣ ፎቶ ቤት ውስጥ ቀና በል ሲባል የተወጠረ አንገት። ፎቶው ለመታወቂያ የተነሣ ነው፤ ለሙዚየም ይሆናል ብሎ የተነሣው ማንም የለም።

ወደ ቡናው ልመለስ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነበት አዋጅ የወጣውም በየካቲት ነው፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.። ደርግ በዘመቻ ወደ ገጠር የላካቸው ተማሪዎች አዋጁን ይዘው እስከ ደቡብ ምዕራብ ጫካ ድረስ ገቡ። ጭሰኛ መሆን ቀረ፤ ይህ የማይናቅ፣ የብዙ ትውልድ ሸክም ያወረደ ነገር ነው። አዋጁ ውስጥ ግን አንድ አጭር አንቀጽ አለች፤ ከአቅመ ደካሞችና እንደነሱ ካሉት በቀር ማንም ሰው መሬቱን በቅጥር ሠራተኛ ሊያሳርስ አይችልም ትላለች። ብዝበዛን ለማስቀረት የተጻፈች ናት፤ ሐሳቧም መልካም ነው። የቡና ለቀማ ግን በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ካልተለቀመ የሚረግፍ ሥራ ነው፣ የቤተሰብ እጅ አይበቃውም። ስለዚህ ቅጥር በሕግ ያለው በመንግሥት እርሻ ሆነ። ቴፒና በበቃ የመንግሥት የቡና እርሻዎች ከሩቅ አገር የለቀማ ሠራተኛ ጠሩ፤ ከደጋው ሰው እየተጫነ ወደ ወባ አገር ወረደ። እዚያ ያለው ካቦ ደግሞ የመንግሥት ካቦ ነው። በሱ ላይ ማጉረምረም በአብዮቱ ላይ ማጉረምረም ሆነ።

መኢሠማ 287,000 አባላትና 1,341 የሠራተኛ ማኅበራት እንደነበሩት ተጽፏል። ከኢሠአማ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ነው። ሥራው ግን ሠራተኛው ምርት እንዲያሳድግ ማስተማር ነበር። የማኅበሩ አዳራሽ ሰፋ፤ ሚዛኑ ላይ ቆሞ «ይህ ቁጥር ልክ አይደለም» የሚል ሰው ግን ጠፋ። ማርቆስ ሐጎስ የሞተለት ነገር በእኔ አስተያየት ይህ ሰው ነው። ስለ ማርክስም ስለ ማኦም ብዙ ተባብለዋል፣ በየጋዜጣቸው ተሰዳድበዋል፤ ያ ሁሉ ዛሬ ተነቦ የሚገባ አይደለም። የሚገባኝና ዛሬም የሚያስፈልገው አንዱ ጥያቄ ነው፦ ሠራተኛው መሪውን ራሱ ይምረጥ፣ በራሱ አፍ ይናገር።

ቴፒ ከአንዲት አሮጊት ለቃሚ ጋር ቡና ጠጣን፤ በለቀማ ያሳለፈችው ዕድሜ በጀርባዋ ጉብጠት ይታያል። «እማማ፣ ማኅበር ነበራችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ነበረ ልጄ። መዋጮ እንከፍላለን፣ ሰልፍ እንወጣለን።»

«ሚዛኑ ሲጎድልስ?»

ስኒዋን አስቀመጠች። «እኔ ቅርጫቴን ስሸከም ክብደቱን ጀርባዬ ያውቀዋል። ግን ጀርባዬን ማን ይጠይቀዋል?»

ዛሬ ሕጉ ተሻሽሏል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት ማኅበር ለማቋቋም አሥር ሠራተኛ ይበቃል። የሥራ ሰዓት በቀን ከስምንት፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ተደንግጓል። የደመወዝ ወለል የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋምም ተጽፏል። የካቲት 1966 ላይ የተጠየቀው የደመወዝ ወለል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት መንግሥታት ተፈራርቀዋል፤ አዋጁ ሲጸድቅ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ሁሉ የሚሠራ ወለል በአገሪቱ አልነበረም። ለለቀማ የሚመጣው ሰው ደግሞ በመስከረም መጥቶ በታኅሣሥ ይሄዳል፤ አሥር ሰው ተሰብስቦ ሊቀ መንበር ሳይመርጥ ቡናው አልቆ ይበተናል። አሥር ማለት ጥቂት ይመስላል፤ ለወቅት ሠራተኛ ግን አሥር ሰው ባንድ ቦታ ማቆየት ከባድ ነው። ለዚህ ሠራተኛ የሚሆን ማኅበር ከዓመት ዓመት እዚያው በሚቀመጡት፣ በዘበኛው፣ በአሽከርካሪው፣ በቡና ማጠቢያው ሠራተኛ ላይ ተመሥርቶ ለወቅቱ እንግዳ በሩን የሚከፍት መሆን አለበት። ሕጉ ይህን አይከለክልም። የሚጎድለው በሻማ ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ሰው ነው።

አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ለሠራተኛ ማኅበራት ሰዎች ነው። ሚያዝያ 23 የዓለም ሠራተኞች ቀን ሲከበር ንግግር ይደረጋል፣ ዋንጫ ይሰጣል፣ ስለ ምርታማነት ይነገራል። ከንግግሩ በፊት ስም ይጠራ። ቦሌ ላይ ወረቀት ሲያድሉ የተገደሉት ሰባቱ ይጠሩ። ከዚያ ቴዎድሮስ በቀለና ማርቆስ ሐጎስ አንድ ላይ፣ ተከታትለው ይጠሩ፤ የሞቱበት ወር ብቻ ይነገር፣ የፓርቲ ስም አይጨመር። ቅር የሚለው ሰው ይኖራል። ወንድሙን በዚያ ዘመን ያጣ ሰው የገዳዩን ወገን ስም ከወንድሙ ጋር አብሮ መስማት ይከብደዋል፤ ይህን ሰው አክብሮ ማስቀመጥ፣ ማስረዳትም ያስፈልጋል። ግን ይጠሩ። ስሙን የሚያነበው ደግሞ ባለሥልጣን ባይሆን እመርጣለሁ። በቴፒ ከቡናው፣ በማሻ ከሻይ ማሳው የመጣ ለቃሚ ያንብበው፤ ማንበብ የማይችል ከሆነም በቃሉ ይያዘው፣ ስሞቹ አሥር አይሞሉም።